የባንክ ደብዳቤውን የሚከፍተው ማን ነው?

ስለ ሕዝብ ገንዘብ መባከን ሲነሣ ዓይን የሚያርፈው በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ላይ ነው። በጀታቸው ብዙ እንደሆነ ሁሉ ተቀናቃኛቸውም ብዙ ስለሆነ የሚከታተላቸው አይጠፋም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የትንሽ ከተማ አስተዳደር ነው። እዚያ የፋይናንስ ክፍሉ ሁለት ወይም ሦስት ሠራተኛ ቢኖረው ነው፤ ገቢ የሚሰበስበውም፣ መዝገብ የሚይዘውም፣ ቼክ የሚያዘጋጀውም፣ በወሩ መጨረሻ የባንክ ሂሳቡን ከመዝገቡ ጋር የሚያስታርቀውም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ይሆናል። ይህ ሰው ደግሞ ለረጅም ዓመታት ያገለገለ፣ በሥራው የተመሰገነና የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር ሲምታታባቸው የሚጠይቁት ስለሚሆን፣ እሱን መቆጣጠር እንደ ነውር ይታያል።

ለዚህ ዲክሰንን የሚያክል ምስክር የለም። ዲክሰን በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የምትገኝ፣ 16 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። የሂሳብ ሹሟ ሪታ ክራንድዌል እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ በከተማዋ ስም አንድ ተጨማሪ የባንክ ሂሳብ ከፈተች፤ የሂሳቡ ስም ለፍሳሽ ማስወገጃ ሥራ የተያዘ መጠባበቂያ ያስመስለው ነበር። ከዚያ በኋላ የተለያዩ የከተማዋን ሂሳቦች ገንዘብ ወደ ካፒታል በጀቱ ሂሳብ እያዛወረች፣ ከእሱም ላይ ቼክ እየጻፈች ወደዚህ ስውር ሂሳብ ታስገባ ጀመር። ወጪውን ለማስረዳት ከግዛቱ መንግሥት የተላኩ የሚመስሉ ሐሰተኛ የክፍያ መጠየቂያዎችን ታዘጋጅ ነበር። እስከ 2012 ድረስ በዚህ መንገድ የወሰደችው ገንዘብ ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። በጀቱ ሲጎድል ለምክር ቤቱ የምትሰጠው ምክንያት ግዛቱ ድርሻችንን አዘገየብን የሚል ሲሆን፣ ምክር ቤቱም አምኗት ወጪ ይቀንስ ነበር። ደመወዟ በዓመት 80 ሺህ ዶላር ገደማ ሆኖ ሳለ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውድ ፈረሶች ስታረባ፣ ብዙ ሰው ሀብቱ ከፈረሶቹ የመጣ መስሎት ነበር።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስገርመኝ የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ጉዳዩ የተጋለጠበት መንገድ ነው። ክራንድዌል የከተማዋን ፖስታ ራሷ ትቀበል ነበር፤ በማትኖርበት ጊዜም የሷ የሆነው ደብዳቤ ተለይቶ ይቀመጥላት ነበር። በ2011 ረጅም እረፍት ላይ ሳለች፣ ሥራዋን ደርባ የያዘችው የከተማዋ ጸሐፊ ለወርሃዊው ሪፖርት ያስፈልጋት ነበርና የሁሉንም ሂሳቦች መግለጫ እንዲልክላት ባንኩን ጠየቀች። ከመጡት ወረቀቶች መካከል አይታው የማታውቀው ሂሳብ ተገኘ፤ የወጣበት ገንዘብም ከከተማ ሥራ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ጸሐፊዋ ለከንቲባው፣ ከንቲባው ደግሞ ለፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ አሳወቁ። ክራንድዌል በሚያዝያ 2012 ተይዛ በቀጣዩ ዓመት የ19 ዓመት ከ7 ወር እስራት ተፈረደባት።

ሃያ ዓመት የሞላው ምዝበራ የተገኘው የባንክ መግለጫውን ቼክ የማታዘጋጅ ሌላ ሰው ስለከፈተችው ነው። አነስተኛ አስተዳደር ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ ያለበትም ይኸው ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የባንክ መግለጫው ከፋይናንስ ክፍሉ ውጭ ላለ ሰው፣ ለከንቲባው ወይም ለአንድ የምክር ቤት አባል፣ በቀጥታ ከባንኩ ሊደርስ ይገባል። ተቀባዩ የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። በየወሩ ሁለት ሦስት ትልልቅ ክፍያዎችን መርጦ ሰነዳቸውን ያስመጣ፤ ተከፋዩ ማን እንደሆነ፣ ሥራው የት እንደተሠራ፣ ማን እንደተረከበው ይጠይቅ፤ መንገድ ተጠገነ ከተባለም ሄዶ ይየው። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በከተማው ስም የተከፈቱ ሂሳቦችን ዝርዝር ባንኩ ራሱ በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይበጃል፤ በመዝገቡ ላይ የሌለ ሂሳብ መዝገቡን ብቻ በመመርመር አይገኝምና። የሂሳብ ሹሙ የዓመት ፈቃድም አስገዳጅ ይሁን፤ ፈቃድ ላይ ሳለም ሥራው በሌላ ሰው እጅ ይለፍ። ለዓመታት እረፍት አልወጣም የሚል የሂሳብ ሠራተኛ ትጉህ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ትጋቱ ከቁጥጥር ነፃ አያደርገውም።

«እኛ እኮ የውጭ ኦዲተር አለን» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዲክሰንም ነበራት። ኦዲት በናሙና የሚሠራ ስለሆነ፣ የቀረበለት ሰነድ እውነተኛ ከመሰለ አልፎት ሊሄድ ይችላል። የዲክሰን ሂሳብ ሥራ የነበራቸው የኦዲት ድርጅቶችና ባንኩ በ2013 ለከተማዋ በድምሩ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። በኔ እምነት ኦዲተሩን የሚመርጠውና ውሉን የሚያድሰው የፋይናንስ ኃላፊው ሳይሆን ምክር ቤቱ መሆን አለበት፤ ሪፖርቱም ለምክር ቤቱ በቀጥታ ይቅረብ፤ ያው ድርጅት ደግሞ መዝገቡን እያዘጋጀ መልሶ ራሱ አይመርምር።

በካሊፎርኒያ ግዛት የምትገኘው የቤል ከተማ በሽታ ግን የተለየ ነበር። በ2010 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጠኞች እንዳጋለጡት፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ካሉት ደሃ ከተሞች አንዷ የሆነችው ይህች ከተማ ለሥራ አስኪያጇ ለሮበርት ሪዞ ወደ 800 ሺህ ዶላር የሚጠጋ የዓመት ደመወዝ ትከፍል ነበር፤ አብዛኞቹ የምክር ቤት አባላትም ለትርፍ ጊዜ ሥራ 100 ሺህ ዶላር ገደማ ይወስዱ ነበር። መንገዱ የተጠረገው በ2005 ነው፤ ከ400 ያነሰ ሰው ድምፅ በሰጠበት ልዩ ምርጫ ከተማዋ የራሷን ቻርተር፣ ማለትም የራሷን መተዳደሪያ ሕግ፣ ስታጸድቅ፣ ግዛቱ በምክር ቤት አባላት ክፍያ ላይ የጣለው ገደብ እንደማይመለከታት ተቆጠረ። እዚህ ላይ ተቆጣጣሪ የተባለው አካል ራሱ ተካፋይ ነበርና የባንክ መግለጫ ማንም ቢከፍተው ፋይዳ የለውም። ለዚህኛው የሚሻለው የእያንዳንዱ ተሿሚ ደመወዝና አበል በየዓመቱ ለነዋሪው በይፋ እንዲወጣ ማስገደድ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ሰው፣ የሚበላው ነገር ጎረቤቱ በሚያነበው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሁለት ጊዜ ማሰቡ አይቀርም።

የሥነ ምግባር ደንብን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሥልጠናውና የምስክር ወረቀቱ ከሚገባው በላይ ተጋኗል ባይ ነኝ። አንድ ቦታ ላይ ግን ደንቡ በእርግጥ ይጠቅማል። በትንሽ ከተማ የጥቅም ግጭትን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ ጨረታ የሚወዳደረው ተቋራጭ የአንዱ የምክር ቤት አባል አማች፣ የሌላው ባለዕዳ ነው። ስለዚህ ደንቡ ዝምድናን መከልከል ሳይሆን ማሳወቅን ያስገድድ፤ ጉዳዩ የሚነካው አባል አስቀድሞ ይናገር፣ ውይይቱም ሆነ ድምፁ እስኪያልቅ ከአዳራሹ ይውጣ፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤው ይስፈር። አዳራሹ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ብቻ መንፈግ አይበቃም፤ የሱን ፊት እያዩ የሚወስኑት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸውና።

ጥቆማ የሚቀበለው አካልም ከከተማው አስተዳደር ውጭ ሊሆን ይገባል። የዲክሰኗ ጸሐፊ ያገኘችውን ወረቀት ይዛ የሄደችው ወደ ከንቲባው ነው፤ ከንቲባውም ጉዳዩን አልሸፈነም። በቤል ተመሳሳይ ወረቀት ያገኘ ሠራተኛ ግን በዚያው ሕንፃ ውስጥ ለማን ያቀርበው ነበር?