ውሻ ይዞ ሸናንዶዋ፦ ሁለት ሌሊት በሸራ ድንኳን

ከአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አብዛኞቹ ውሻን ከመኪና ማቆሚያውና ከአስፋልቱ ዳር አያሳልፉም። ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ግን ይለያል፤ ከ500 ማይል በላይ ከሚሆነው የእግር መንገዱ ውሻ የተከለከለበት 20 ማይል አይሞላም። ከዋሽንግተን ዲሲ የሚርቀው 75 ማይል ያህል ስለሆነ ዓርብ ከሥራ ወጥቶ ለሚነሳ ሰው ይመቻል። ግላምፒንግ የሚሉት፣ አልጋ፣ ምንጣፍና የእንጨት ምድጃ የገባለት ትልቅ የሸራ ድንኳን፣ ከፓርኩ ወጣ ብሎ በሉሬይና በስታንሊ ዙሪያ በግል መሬት ላይ ይከራያል።

ብዙ ሰው ድንኳኑን በፎቶው ይመርጣል። ቅዳሜና እሁድን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የውሻው የመጀመሪያ ሌሊት ነው። ሸራ ድምፅ አያግድም። አጋዘን ሣር ሲግጥ፣ ራኩን ደረቅ ቅጠል ሲረግጥ ለውሻው ጆሮው ሥር ነው። ይጮኻል፣ ወለሉን ይቧጭራል፣ ዚፑን በአፍንጫው ገፍቶ ይወጣል። ዚፕ በውሻ አፍንጫ በቀላሉ እንደሚከፈት ብዙ ሰው የሚያውቀው ውሻው ከጠፋ በኋላ ነው። ሁለቱን የዚፕ ጫፎች በትንሽ የብረት መንጠቆ አያይዟቸው። ቁልፍ ግን አታድርጉበት፤ እሳት ቢነሳ በጨለማ፣ በአንድ እጅ መከፈት አለበት። ውሻውን በድንኳኑ ምሰሶ ወይም በካስማው ገመድ አትሰሩት። አንድ አጋዘን ባለፈ ቁጥር የሚጎትተው ቤታችሁን ነው።

ልምምዱ ከሳምንት በፊት ይጀምር። ትንሽ ድንኳን ካላችሁ ሳሎን ውስጥ ትከሉና ሁለት ሦስት ማታ እዚያው አስተኙት። የሚተኛበትን ብርድ ልብስ ሳታጥቡ ይዛችሁ ሂዱ፤ በማያውቀው ቦታ የሚያረጋጋው የቤቱ ሽታ ነው። ጥፍሩንም ከጉዞው ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። የመስኮቱ መረብ በጥፍር አንድ ጊዜ ከተያዘ ይተረተራል፣ ክፍያው የእናንተ ነው።

ቦታ ስትይዙ «ውሻ ይፈቀዳል» የሚለው ብቻ አይብቃችሁ። ውሻውን ድንኳኑ ውስጥ ብቻውን ትቶ መውጣት ይቻላል ወይ? አብዛኞቹ አይፈቅዱም፤ ስለዚህ እራት ሉሬይ ከተማ እንበላለን ያላችሁት ዕቅድ እዚያው ላይ ይፈርሳል። መኪና ውስጥ ትቶ መግባትም መፍትሔ አይደለም፦ ውጭው 70 ዲግሪ ፋራናይት እያለ የተዘጋ መኪና በ30 ደቂቃ ውስጥ 104 ይደርሳል። አጠገብ በግ፣ ዶሮ ወይም ሌላ ውሻ መኖሩንም ጠይቁ። ምድጃው መከለያ ፍርግርግ እንዳለውም እንዲሁ፤ ብርድ የያዘው ውሻ የጋለ ብረት ላይ ጎኑን ያስጠጋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱን ያዙ። ቨርጂኒያ ውስጥ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ መከተብ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት ስንሄድ ውሻችንን ይዘን ባሌ ተራሮች እንውጣ የሚል ካለ፣ እባካችሁ ተዉት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት መቶዎች ናቸው። በ1991 እና 1992፣ ኋላም በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ላይ የፈጃቸው ከቤት ውሾች የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ወደ ድንኳኑ እንመለስ፤ ቡናው ጋ። ማለዳ ላይ ጉም ከሸለቆው ሲነሳ ጀበና ጥዶ መቀመጥ የዚህ ሽርሽር ትልቁ ደስታ ነው። ከሰሉ ግን በምንም ምክንያት ሸራው ውስጥ አይግባ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሸራውም እርጥብ ሲሆን አየር በደንብ አያስተላልፍም። ውሻው መሬት ላይ ስለተኛ ይተርፋል ብላችሁም አታስቡ፤ ጋዙ ከአየር ጋር እኩል ስለሚደባለቅ ወለልና አልጋ አይለይም። ማንደጃው ውጭ፣ ከሸራው ቢያንስ አሥር ጫማ ርቆ ይቀመጥ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይዛችሁ ሂዱና ከራስጌ በኩል ስቀሉት። የእንጨት ምድጃ ላለበት ድንኳን ይህ ግዴታ ነው ባይ ነኝ።

የቡናው አተላም ለውሻ መርዝ ነው፤ ካፌይኑ ልቡን ያስሮጠዋል። አተላውን ቁጥቋጦ ሥር አትድፉት፣ በከረጢት ያዙት። ምግባችን ላይ ደግሞ ጠንቀቅ ማለት ያለብን ከሌላው ሰው በላይ ነው፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የለንም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ መቀቀልም ሆነ መጥበስ መርዙን አያጠፋውም። በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ደሙ ይጎዳል፤ ለአሥር ኪሎ ውሻ ይህ ከአንድ መካከለኛ ራስ ይጀምራል። የዶሮ ወጥ አንድ ጭልፋ ውስጥ ምን ያህል ሽንኩርት እንደቀለጠ አስቡት። ድካሙና የድድ መንጣቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነም ሰው ምክንያቱን አያገናኘውም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፣ ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳል፣ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ የገባበት ማስቲካ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የደም ስኳሩን ሊጥለው ይችላል። ለእሱ ጨው ያልገባበት የተቀቀለ ሥጋ ለይታችሁ ብትይዙ ሁሉም በሰላም ይበላል።

ማታ ላይ የውሻው ሳህን ባዶም ቢሆን ውጭ አይደር። አካባቢው የጥቁር ድብ አገር ነው፣ የውሻ ምግብም ለድብ ምግብ ነው። ሁሉም መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ውሻን ፈትቶ መልቀቅ የሚያስፈራውም ለዚሁ ነው፤ ድብ ያየ ውሻ ጮኾ ይሮጥበታል፣ ድቡ ሲዞርበት ደግሞ የሚሸሸው ወደ ጌታው ነው። ፓርኩ የሚፈቅደው ማሰሪያ ከ6 ጫማ አይበልጥም። እንደ ልብ የሚረዝመው ተጠቅላይ ማሰሪያ እዚህ ቦታ የለውም።

የእግር መንገዱን በተመለከተ፣ ኦልድ ራግ፣ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ፣ ስቶኒ ማን፣ ቤርፌንስና ሊምበርሎስት ለውሻ የተከለከሉ ናቸው። በጣም የታወቁት እነዚህ ስለሆኑ ሳያጣራ የሄደ ሰው ከበሩ ይመለሳል። በምትካቸው ሆክስቢልን እመርጣለሁ፤ 4,051 ጫማ፣ የፓርኩ ከፍተኛው ጫፍ ነው። ፓርኩን በሚያቋርጠው መንገድ፣ በስካይላይን ድራይቭ፣ 46.5 ማይል ላይ አቁማችሁ ብትነሱ ደርሶ መልስ ሁለት ማይል ብቻ ነው፣ ዳገቱም ቀስ ያለ ነው። ስካይላይን ድራይቭ ላይ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ሲሆን መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ውሻውን ከመነሳታችሁ ሦስት አራት ሰዓት በፊት አብሉት፣ ካልሆነ ኋላ ወንበር ላይ ያስመልሳል። ውኃ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ለእግር ጉዞ እጥፉን ያዙ። ከጅረት ሲጠጣ ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሊይዘው ይችላል። ተራራው ላይ ከሸለቆው አሥር ዲግሪ ፋራናይት ያህል ይበርዳልና በነሐሴም ቢሆን ለእሱም ሹራብ ወይም ሁለተኛ ብርድ ልብስ አይቅር።

ከሁሉም ይልቅ አደራ የምለው መዥገሩን ነው። የላይም በሽታን የሚያስተላልፈው መዥገር ገና በግልገልነቱ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው፣ ጠጉር ውስጥ በዓይን አይገኝም። ስለዚህ በጣት ነው የሚፈለገው። ማታ ውሻውን በጎኑ አስተኙና በሌጣ ጣታችሁ ከጠጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ቀስ እያላችሁ ዳብሱ፦ የጆሮ ሥርና ውስጡ፣ የዓይን ሽፋን፣ አንገትጌው የሚያርፍበት ቦታ፣ ብብቱ፣ ብሽሽቱ፣ የጣቶቹ መሐል፣ የጅራቱ ሥር። ጣታችሁን የሚነካው ከቆዳው ላይ የማይንሸራተት እንደ አሸዋ ያለ ነገር ከሆነ ጠጉሩን ከፍላችሁ በባትሪ እዩት። ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ቆዳው ላይ ተጠግታችሁ፣ ጭንቅላቱን ይዛችሁ፣ ሳታዞሩ ቀጥ አድርጋችሁ በቀስታ ሳቡ። ሆዱን ጨምቃችሁ አትያዙ፤ ያለው ነገር ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። ቅባት መቀባት፣ ክብሪት ማስጠጋት የሚባለውም አይጠቅምም። በሽታው ለመተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በየማታው ከፈተሻችሁ ብዙውን አደጋ ቀድማችሁታል። የመዥገር መከላከያ ክኒኑን ወይም አንገትጌውንም ከጉዞው ቀደም ብላችሁ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ጀምሩ።

ስካንክ የሚባለው የሚከረፋ ፈሳሽ የሚረጭ የዱር እንስሳ ውሻውን ከረጨው፣ ሽታውን የቲማቲም ጭማቂ አያጠፋውም። አንድ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ ሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በሰፊ ጎድጓዳ ዕቃ ቀላቅላችሁ ወዲያው ቀቡት፣ አምስት ደቂቃ አቆዩት፣ እጠቡት። ዓይኑ እንዳይገባ። የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ አትዝጉበት፣ ጋዝ ስለሚያወጣ ይፈነዳል።

እሁድ ማታ ቤት ስትገቡ የሄዳችሁበትን ቀን ቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፉት። የላይም ምልክት ውሻ ላይ የሚታየው ከንክሻው ከሁለት እስከ አምስት ወር ቆይቶ ነው፤ አንዴ በአንዱ እግር፣ አንዴ በሌላው ያነክሳል፣ ያተኩሰዋል፣ ምግብ ይጠላል። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ቀኑንና ሸናንዶዋ የሚለውን ስም አብራችሁ ንገሩት።