ከግራ ጎማ ጀርባ የታየው ዘይት

ፕራዶዋ ከኤርታሌ ስትመለስ የፊት ግራ ጎማዋ ውስጠኛ ገጽ ጥቁር ግራሶ ለብሶ ነበር። ሪሙም፣ የታችኛው ብራቾም፣ የአሞርዛተሩ ጎንም በአንድ መስመር ተረጭቶባቸዋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሥር ሳይገባ ይረዳዋል፤ የውጪው ሲቪ (መሪው ሲታጠፍም ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው የአክስል ጆይንት) የላስቲክ ሽፋኑ፣ ማለትም ጎሚኒው ተቀዷል። ሹፌሩ ግራሶውን ያየው ገና በኤርታሌ ግርጌ ባለው ካምፕ፣ ዶዶም ሳለ እንደሆነ ተናገረ። ድምፅ ስላልነበረው ጎብኚዎቹን ይዞ ቀጠለ። አዲስ አበባ ሲገባ ግን በየመታጠፊያው «ቀጭ ቀጭ» ይል ጀመር።

ወደ ኤርታሌ የሚያደርሰው የላቫ መንገድ ለዚህ ዕቃ ክፉ ነው። የረጋው ላቫ ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል። መኪና እዚያ ላይ በእግር ፍጥነት ስትሄድ አንዱ ጎማ ይንጠለጠላል፣ መሪው እስከ ጥጉ ይታጠፋል፣ የጎሚኒው እጥፋቶች በአንድ በኩል ተወጥረው በሌላው ይጨፈለቃሉ። ያን ጊዜ ሹል ድንጋይ ከነካው አለቀ። ውስጡ ያሉት ስድስት ኳሶች የሚንከባለሉት በተወለወለ ቦይ ውስጥ ነው፤ የአፋር አቧራና ጨው ከግራሶው ጋር ሲቀላቀል ሞረድ ይሆንባቸዋል። ከሚፈሰው ግራሶ ይልቅ በቦታው የሚገባው ነገር ነው ጆይንቱን የሚገድለው። ቀዳዳው በታየበት ሰዓት ቆሞ፣ ዙሪያውን ጠርጎ፣ ግራሶ ጠቅጥቆ፣ በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልሎ በሽቦ ማሰር ይቻል ነበር። ለዘለቄታው አይሆንም፤ እስከ አስፋልት ለማድረስ ግን ይበቃል።

መኪናዋ ጋራዥ የገባችው አርብ ከሰዓት ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ወደ ደቡብ መውጣት ነበረባት። ይህ ጥድፊያ በኋላ ለሆነው ነገር ትልቅ ድርሻ አለው።

ምርመራው በአግባቡ ተሠርቷል። ክፍት ሜዳ ላይ መሪውን እስከ ጥጉ አዙሮ ቀስ እያሉ ነዳጅ እየሰጡ በክብ መንዳት ነው። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ሸክሙ ወደ ግራው ስለሚያጋድል ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የግራው ነው፣ እዚህም እንዲሁ ሆነ። በቀጥታ መንገድ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ውስጠኛው ባለ ሦስት እግር ጆይንት ይሄድ ነበር። ጎሚኒ ብቻ መለወጥ የሚያዋጣው ድምፅ ከመጀመሩ በፊት ነው። ጆይንቱ ተፈትቶ በነዳጅ ይታጠባል፣ ቦዮቹ በጣት ይዳሰሳሉ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ ማልበስ ገንዘብ ማባከን ነው። በዚህኛው ላይ ጉድጓዱ በዓይን ይታይ ነበር። ስለዚህ ሙሉ አክስል ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ተገዛ።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ከአሮጌው ጎን ተጋድሞ ርዝመቱ ተለካ፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርሶቹ ተቆጠሩ። ይህን የሚዘልል ሰው ብዙ ነው። የሚመሳሰሉ አክስሎች ልዩነት ዓይን ላይ ላይገባ ይችላል፤ ስህተቱ የሚታወቀው ሁሉም ነገር ከታሰረ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 በተመረተችው ባለ 120 ሞዴል ፕራዶ ላይ አፈታቱ እንዲህ ነው። ጎማው መሬት እንደያዘ የመሃሉ ክዳን ይወልቃል፣ ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው የሽቦ ቁልፍ) ተስቦ የዳዶው መቆለፊያ ቆብ ይነሣል፣ ከዚያ የ35 ቡሶላ ከረጅም እጀታ ጋር ገብቶ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ትልቁ ዳዶ ይላላል። ከዚያ በኋላ ነው ክሪክ የሚገባው፤ መኪናዋም በካቫሌቶ (በቋሚ የብረት ድጋፍ) ላይ ትቀመጣለች እንጂ በክሪክ ብቻ አትተውም። የኤቢኤስ ሽቦና የፍሬን ቱቦ ማያያዣዎች ከማዞሪያው (ጎማውን ይዞ ከመሪው ጋር ከሚዞረው ክፍል) ይፈታሉ፤ ይህ ከተረሳ ማዞሪያው ወደ ውጪ ሲከፈት ሽቦው ይበጠሳል። የመሪው ዘንግ ጫፍ ይለቀቃል፣ የታችኛውን ቦል ጆይንት የያዙት ሁለት ብሎኖች በ19 ቁልፍ ይፈታሉ። የላይኛውን ቦል ጆይንት መንካት አያስፈልግም። ማዞሪያው በእርሱ ተንጠልጥሎ ወደ ውጪ ይከፈታል፣ አክስሉም ከሀቡ (ጎማው ከሚታሰርበት እምብርት) ይወጣል። እንቢ ካለ ዳዶውን ከጥርሱ ጫፍ እኩል አስሮ በነሐስ ወይም በእንጨት አማካይነት መምታት ነው፤ በብረት መዶሻ የተመታ ጥርስ ዳዶ አይቀበልም።

ዋናው መካኒክ እስከዚህ ድረስ በራሳቸው እጅ ሠርተው ሌላ ደንበኛ ጠራቸውና ውስጠኛውን ጫፍ ለረዳታቸው ተዉለት። ረዳቱ «ጋሼ፣ ሲሉንም ልቀይረው?» ብሎ ስለ ኦይል ሲሉ፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ ዘንጉን ዙሪያውን ስለሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት ጠይቋል። ዋና መካኒኩ ከሩቅ ሆነው «ዘይት ካላፈሰሰ ተወው፣ ሰዓት የለንም» አሉት።

ውስጠኛው ጫፍ ዲፍረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ውስጥ የሚያዘው በአንዲት ትንሽ የሽቦ ቀለበት ነው። ትክክለኛው መጎተቻ ተንሸራታች መዶሻ ነው። እርሱ ከሌለ የዲፍረንሻሉን ቤትና የጆይንቱን ትከሻ መሃል ጠፍጣፋ ብረት አስገብቶ በአጭሩ መምታት ይቻላል፤ ግን ብረቱ ጥልቀት እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከትከሻው በስተጀርባ ወዲያው ያለው ኦይል ሲሉ ነው። ዘንጉን ይዞ መጎተት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ባለ ሦስት እግሩ ጆይንት ከቤቱ ይወጣና ጎሚኒው ውስጥ ይፈታል። ረዳቱ ዘንጉን አልጎተተም፤ ይህን ያውቃል። ጠፍጣፋ ብረት አጥቶ በረጅም ክሮባር ነው የሠራው፤ የክሮባሩ ምላስ ወፍራም ስለሆነ የሲሉን ጠርዝ ጨፍልቋል። አዲሱን ሲያስገባም ብቻውን ነበር። አንድ ሰው የውጪውን ጫፍ ደግፎ ዘንጉን አግድም ካልያዘለት ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፣ የጥርሶቹ ጫፍም የሲሉን ከንፈር እየፋቀ ይገባል።

ከውጪ ሲያዩት ሁሉም ነገር ልክ ነበር። የሽቦ ቀለበቱ ክፍት ጎን ወደ ታች ዞሮ ገብቷል፣ «ጠቅ» ሲል ተሰምቷል፣ ቤቱ በእጅ ሲጎተት አልወጣም። ዳዶው በ235 ኒውተን ሜትር፣ የታችኛው ቦል ጆይንት ብሎኖች በ160፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ በ91 በቶርክ ቁልፍ ታሰሩ፣ አዲስ ኮፒሊያ ገባ። አምስት ኪሎ ሜትር ተነዳች፤ ድምፅ የለም። አክስሉ ሲወጣ ጥቂት ዘይት መፍሰሱን ረዳቱ አይቶ ነበር። የደረጃ ማያው ቡሽ ግን አልተከፈተም።

ሹፌሩ አርባ ምንጭ ሲያድር ከግራ ጎማው ጀርባ እርጥበት አየና ስልክ ደወለ። የመለሰለት ሰው «ወንድሜ፣ አዲስ ሲቪ መጀመሪያ ትንሽ ግራሶ ይተፋል፣ አታስብ» አለው። ይህ አባባል በየጋራዡ ይሰማል፤ ጉዳቱም ትልቅ ነው። አዲስ ሲቪ ጎሚኒው ጤነኛ ከሆነና ጎሚኒውን የሚያስሩት ፋሸታዎች በደንብ ከተጠበቡ ምንም አይተፋም። ሁለቱን መለየትም ቀላል ነው። የሲቪ ግራሶ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተረጭቶ ይጣበቃል። የዲፍረንሻል ዘይት ግን ቀጭን ነው፣ ከዲፍረንሻሉ ጎን ጀምሮ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይወርዳል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ በጣት ሲሸተት የድኝ ሽታ አለው። ሹፌሩ በጣቱ ነክቶ ቢያሸተው ኖሮ እዚያው ይቆም ነበር።

የዚህች መኪና የፊት ዲፍረንሻል የሚይዘው ዘይት ወደ 1.4 ሊትር ብቻ ነው። አራቱም ጎማዎቿ ዘወትር ኃይል ስለሚቀበሉ የፊቱ ማርሽ አስፋልት ላይም ሸክም ይዞ ይሠራል። የፊት ኃይሉ በማንሻ ብቻ የሚገባ መኪና ቢሆን ያው ጉድለት ረዘም ላለ ጊዜ ሳይሰማ ሊቆይ ይችል ነበር። እዚህ ግን ጂንካ ሳይደርሱ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ማቃሰት ጀመረ፣ በ80 ጩኸት ሆነ። መኪናዋ በጭነት ተመለሰች።

ሲከፈት ውስጡ የተገኘው ዘይት አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም፣ ከብረት ብናኝ የተነሣ እንደ ብር ያብረቀርቃል። የፒኒዮኑ (ትልቁን ማርሽ የሚያዞረው የትንሹ ማርሽ) ኩሽኔታ ከሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፣ የትልቁ ማርሽ ጥርሶች ተፋፍቀዋል። ጠግኖ መመለስ ስለማያስተማምን ያገለገለ ሙሉ የፊት ዲፍረንሻል ተፈልጎ ተገዛ። ዋጋው የዚያችን ትንሽ ሲል ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፣ የተቋረጠው ጉዞ ሳይቆጠር።

ሲሉ ተነቅሎ በብርሃን ታየ። በአንድ በኩል ጠርዙ በክሮባር ተጨፍልቋል፣ ከንፈሩ ላይ ደግሞ የጥርስ ፍቅታ አለ። ዕድሜውም ብቻውን ይበቃው ነበር፤ ከንፈሩ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል። አሮጌ ሲል ከአሮጌው ዘንግ ጋር ተላምዶ የቆየ ነው። አዲስ ዘንግ ሲገባ መቀመጫው ስለሚለወጥ ትናንት ያላፈሰሰ ሲል ዛሬ ሊያፈስ ይችላል፤ «ካላፈሰሰ ተወው» የሚለው ትእዛዝ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ሌላም ነገር ተገኘ፤ የዲፍረንሻሉ መተንፈሻ በአቧራና በጨው ተደፍኗል። ዘይቱ ሲሞቅ ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ ካጣ በደከመው ሲል በኩል ይገፋል። ከዳናክል የተመለሰ መኪና መተንፈሻው ሳይነፋ ሲሉ ቢቀየር ሥራው ግማሽ ነው።

በሁለተኛው ሥራ ዋና መካኒኩ ከአጠገቡ አልተነሡም። በተገዛው ዲፍረንሻል ላይ የነበረው አሮጌ ሲል ከመነቀሉ በፊት ከቤቱ ጠርዝ ምን ያህል እንደገባ በካሊፐር ተለካ፣ አዲሱም እዚያው ጥልቀት ድረስ ብቻ እንዲገባ። ምንጭ ሽቦው ያለበት ጎን ወደ ዘይቱ ዞረ። በሲሉ ልክ የሆነ የቧንቧ ቁራጭ ተደግኖ ዙሪያውን እኩል በትንንሽ ምት ተመታ፤ አንዱ ጎን ቀድሞ ከገባ ሲሉ ይጣመማልና። ከንፈሩ በስሱ ግራሶ ተቀባ። የአክስሉ ጥርሶች ጫፍ በእጅ ተዳሰሰ፣ የተገኘችው ሸካራ ጠርዝ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ተነሣች፣ ጥርሶቹም በስኮች ተሸፈኑ። ረዳቱ የውጪውን ጫፍ በሁለት እጁ አግድም ያዘ፣ ዋና መካኒኩ ውስጠኛውን መርተው ጥርሱ ከንፈሩን እንዳለፈ ስኮቹን ላጡት፤ ከዚያ ነው እስከ «ጠቅ» የተገፋው።

ዘይት ሲሞላ መጀመሪያ የሚከፈተው የላይኛው የመሙያ ቡሽ ነው፤ እርሱ ተጣብቆ ሳያውቁ የታችኛውን ማፍሰሻ የከፈተ ሰው ባዶ ዲፍረንሻል ይዞ ይቀራል። ደረጃው ጂኤል 5 የሆነ የማርሽ ዘይት ከመሙያው ቀዳዳ አፍ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ገባ። መኪናዋ ከዲፍረንሻሉ ሥር ካርቶን ተዘርግቶላት አደረች። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ሃያ ኪሎ ሜትር ተነድታ ቡሹ እንደገና ተከፈተ፣ ደረጃው አልወረደም።

የሥራ ካርዱ ላይ ዋና መካኒኩ በእጃቸው «ግራ አክስል 1፣ ኦይል ሲል 1፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደረጃ ይታይ» ብለው ጻፉና ቁልፉን ለሹፌሩ ሰጡት። ከዚያም ረዳቱን ወደ ሶማሌ ተራ ላኩት፤ ለቀኙም ሲል እንዲያመጣ፣ ጠፍጣፋ ብረትም እግረ መንገዱን።