የልጄ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ፦ ፎርም ላይ «አገራችን ተመለስን» ብላ ጽፋ የገጠመን

እኛ የእንግሊዝ ዜጎች ነን፣ ልጆቼም ለንደን ነው የተወለዱት፣ ስለዚህ ትልቋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እዛው እንዳደገ ልጅ ትከፍላለች ብዬ አንድ ቀን እንኳን ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። ፓስፖርቱ አለን አይደል? ለካ ፓስፖርቱ ብቻውን ምንም አያደርግም። ይሄን የምጽፈው አዲስ አበባም ዱባይም ሆናችሁ ለምትሰሩ የእንግሊዝ ዜግነት ላላችሁ ወላጆች ነው፣ ልጃችሁ ገና 13፣ 14 ዓመቱ ከሆነ ደግሞ በጣም ይጠቅማችኋል።

እንግሊዝ ውስጥ ሆም ፊ (እዛው ለሚኖር ተማሪ የሚሆነው ክፍያ) እና ኦቨርሲስ ፊ (ከውጭ አገር ለሚመጣ ተማሪ የሚሆነው) የሚባል ነገር አለ። ልጄ በገባችበት በ2024 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የሆም ፊ ጣሪያ በዓመት 9,250 ፓውንድ ነበር፣ በ2025 ወደ 9,535 ከፍ ብሏል። ኦቨርሲሱ እንደዛ ጣሪያ የለውም፣ እሷ ያመለከተችበት ትምህርት በዓመት ከ20 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር፣ ያውም ስቱደንት ፋይናንስ የሚባለው የመንግስት የተማሪ ብድር አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይታጣል። ሆም ለመባል ዋናው ጥያቄ ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ኑሯችሁ የት ነበር የሚለው ነው። በመስከረም ለሚጀምር ኮርስ የሚቆጠረው እስከ ሴፕቴምበር 1 ነው፣ ለእሷ ከ2021 ጀምሮ ማለት ነው፣ እኛ ግን ከ2018 ጀምሮ አዲስ አበባ ነበርን፣ እኔ በኮንትራት ስራ ይዤ።

መጀመሪያ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ በዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚላክበት ድርጅት ነው) አምስት ዩኒቨርሲቲ አመለከተች፣ ከዛ ስለ ክፍያ የሚጠይቅ ፎርም በኢሜይል መጣላት፣ አንድ ማታ ብቻዋን ሞልታ ላከችው። «ከእንግሊዝ ለምን ወጣችሁ» ለሚለው «ቤተሰቤ ወደ አገሩ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ነው» ብላ ጻፈች። አልፈርድባትም፣ እኔም ብሞላው እንደዛ ነበር የምጽፈው፣ እኛ ቤት እኮ ለንደን ተቀምጠንም አገር ቤት ማለት ሁሌም ኢትዮጵያ ናት። ፎርሙን ለሚያነበው ሰው ግን ትርጉሙ ጠቅልለው ገብተዋል ነው። ሁለቱ ሆም አሉ፣ ሁለቱ ተጨማሪ ማስረጃ ጠየቁ፣ እሷ በጣም የምትፈልገው አንደኛው ደግሞ ኦቨርሲስ አላት። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ታሪክ፣ ሶስት አይነት መልስ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ስለሚወስን ነው፣ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ልጅቷ ያን ሌሊት ስታለቅስ አደረች፣ እኔም አልተኛሁም።

በማግስቱ ዩኪሳ የሚባለው ድርጅት ዌብሳይት ላይ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፣ የ2007ቱን የክፍያ ደንብ የሚያብራሩት እነሱ ናቸው፣ በነጻ ነው፣ ኤጀንት ከመክፈላችሁ በፊት እሱን አንብቡ። እዛ ነው ያዳነንን ነገር ያገኘሁት፦ ወላጅ ውጭ አገር ለጊዜያዊ ስራ ሄዶ ከሆነና ያ ስራ ባይኖር ኖሮ ቤተሰቡ እንግሊዝ ይኖር ከነበረ፣ ውጭ ያለፈው ጊዜ እዛ እንደተኖረ ይቆጠራል። ሌላም ነገር አለ፣ ደንቡ ላይ ያለውን ኦርዲነሪሊ ሬዚደንት (መደበኛ ነዋሪ እንደማለት ነው) የሚለውን ቃል የሚተረጉመው በ1982 ያኔ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው ሃውስ ኦፍ ሎርድስ የወሰነው የሻህ ጉዳይ ነው፣ በዛ ውሳኔ መሰረት ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት አገር ነዋሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲስ አበባ አልኖርንም ብዬ መዋሸት አያስፈልገኝም፣ የሚያስፈልገኝ ለንደንን እንዳልለቀቅን ማሳየት ነው፣ እሱ ደግሞ እውነት ነው።

ከዛ ወረቀት ፍለጋ ገባሁ። ከሁሉ የጠቀመን የ2018ቱ ኮንትራቴ ነው፣ ለ2 ዓመት ብቻ ይላል፣ በ2020 እና በ2022 የታደሰበትም ወረቀት የሚያልቅበትን ቀን ጽፎ አለ፣ የመጨረሻው ጁን 2024 ያልቃል። መስሪያ ቤቴም ስራው ጊዜያዊ እንደሆነና ሲያልቅ መመለሻችንን እንደሚሸፍኑ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ቤታችንን አልሸጥንም፣ በዓመት በዓመት ውል ነው ያከራየነው፣ ውሎቹን በሙሉ ላክሁ። በየክረምቱ ለንደን የምንሄድበትን ትኬት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የከፈልኩትን ናሽናል ኢንሹራንስ (የእንግሊዝ የማህበራዊ ዋስትና መዋጮ) ጨምሬ ላክሁ። የ2019ኙን ትኬት ማግኘት አቅቶኝ ሶስት ቀን የድሮ ኢሜይሌን ስቆፍር ነበር፣ ከወጣን ቀን ጀምሮ አንድ ፎልደር ውስጥ ባስቀምጥ ኖሮ የአንድ ሰዓት ስራ ነበር። ከላዩ ላይ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በየዓመቱ የት እንደነበርንና ለምን እንደሆነ በቀን በቀኑ፣ ልጄ «ተመለሰ» ያለችውም በቤታችን አነጋገር መሆኑን ሳልደብቅ አስረዳሁ። ከሶስት ሳምንት በኋላ ኦቨርሲስ ያላት ዩኒቨርሲቲ ውሳኔውን ቀይሮ ሆም አላት። ማስረጃ የጠየቁት ሁለቱም በዛው ፋይል ተቀበሉ።

ይሄ ለሁሉም አይሰራም፣ እሱን በግልጽ መናገር አለብኝ። አንዲት ዱባይ ያለች የማውቃት እናት ኮንትራቷ ማብቂያ የለውም፣ የለንደን ቤታቸውን ሸጠዋል፣ 12 ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልጇን ለኤ ሌቭል (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለው የሁለት ዓመት ትምህርት) ብላ አክስቷ ጋ ሁለት ዓመት ላከቻት፣ ኦቨርሲስ ተባለች። ሶስት ዓመት አልሞላም፣ ቢሞላም ደግሞ እዛ የተኖረው በዋናነት ለትምህርት ከሆነ አይቆጠርም። ብዙ ሰው ዘመድ ጋ ልኮ መፍትሄ ያገኘ ይመስለዋል፣ እባካችሁ በዚህ ላይ ብር አታፍስሱ። የአክስት አድራሻ ጽፎ እዛ እንደኖሩ ማስመሰሉንማ ጭራሽ አታስቡት፣ ቢታወቅ ልጁ የተቀበለበትን ቦታ ሊያጣ ይችላል።

ሌላው፣ ዩካስ ላይ ዩኒቨርሲቲውን ፈርም ከማድረጋችሁ (የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው ብላችሁ ከማጽደቃችሁ) በፊት ሆም የሚለውን ውሳኔ በጽሁፍ ተቀበሉ፣ በስልክ የተባለ ነገር አይበቃም። ኮርሱ በኦቨርሲስ ከተጀመረ በኋላ ማስቀየር በጣም ከባድ ነው። ስቱደንት ፋይናንስ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሆም ስላለ ብቻ አይቀበልም፣ የራሱን ምርመራ ያደርጋል፣ እኛንም እንደገና ጠየቁን፣ ያንኑ ፋይል ላክን፣ ብድሩ የተፈቀደው ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው።

ኮንትራቴ እንዳለቀ በኦገስት 2024 አብረናት ተመለስን። መስሪያ ቤቱ ለሌላ 2 ዓመት ላድስልሽ ብሎኝ ነበር፣ ግን ታናሹ በ2028 ነው የሚገባው፣ ሶስተኛ ጊዜ አድሼ ጊዜያዊ ነው ብል ማን ያምነኛል፣ እኔስ ራሴ አምነዋለሁ? አዲስ አበባን ትቼ መሄዱ አሞኛል፣ እናቴ እዛ ናት። የካውንስል ታክሱን (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለውን የቤት ግብር) ወረቀት ከገባንበት ወር ጀምሮ ፎልደሩ ውስጥ እያስገባሁ ነው።