ምን አጠፋሁ?

መብራት ከሄደ አራት ሰዓት ሆነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ መብራት ሄደ ማለት ዜና አይደለም፤ ግን እሑድ ነው፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል፣ ስልኬም 31 ፐርሰንት ላይ ናት። በመስኮቱ የሚታየኝ ወደ አዳማው የክፍያ መንገድ የሚገቡ የመኪኖች መብራት ብቻ ነው። አንደኛ ፎቅ ያሉት ቡና እየቆሉ ነው መሰለኝ፣ ሽታው በደረጃው ወጥቶ እኔ ጋ ደርሷል። ስለ እሱ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ሰው ሳይጠራሽ ሽታው ሲጠራሽ ስላለው ነገር። ሻማ ስለኩስ ግን በፋብሪካችን ማሸጊያ ማሽን ላይ የሚሠሩት ጋሼ ትዝ አሉኝና ቡናው እዚያው ቀረ።

የምሠራው ማካሮኒ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው፤ ሠራተኞቹ ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቀሽ ዳሰሳ ሥሪ ተባልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከገበያ የሚመለሰው ማካሮኒ በዛ። የፓኬቱ አፍ እየተከፈተ። አከፋፋዮች ተቆጡ፣ ሽያጭ ምርት ክፍልን ከሰሰ፣ ምርት ክፍል ኦፕሬተሮቹን ከሰሰ፣ ኦፕሬተሮቹ የሚከሱት ሰው ስለሌላቸው «ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» ተባለ። እኛ ቤት ሥልጠና ማለት ባነር፣ የሻይ ሰዓት፣ ሰርተፍኬትና የቡድን ፎቶ ነው። አሠልጣኙ ሳይቀር ተመርጧል። የቀረው የእኔ ዳሰሳ «አዎ፣ ያስፈልጋል» ማለቱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ቢሮዬ እየጠራሁ ነበር የማናግራቸው። እንዴት ያለ ጅልነት ነው! እኛ ቢሮ ሰው የሚጠራው ወይ ማስጠንቀቂያ ሊቀበል ወይ ስንብት ሊፈርም ነው። ገና በሩን ሲከፍቱት «ምን አጠፋሁ?» ይላሉ። አንዷማ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣ «60 ቀኔ አልሞላም፣ ልታሰናብቱኝ ነው አይደል?» አለችኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። አዋጅ ቁጥር 1156 ላይ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አትሆኚም ከተባልሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ትሄጃለሽ። ፍርሃቷ ከመሬት አልተነሳም።

ጥያቄዎቼ ደግሞ ከቢሮው ይብሱ ነበር።

«ማሽኑን በደንብ ትችያለሽ?»
«አዎ።»
«የሚከብድሽ ነገር አለ?»
«የለም።»
«ምን ሥልጠና ትፈልጊያለሽ?»

ዝም። ጣሪያ ታያለች። ከዚያ «ኮምፒውተር»።

9 ሰው አናገርኩ፣ 6ቱ ኮምፒውተር አሉኝ። ማካሮኒ የሚያሽግ ሰው ኮምፒውተር ምን ሊያደርግለት ነው አልኩ በሆዴ። አሁን ሳስበው ሞኟ እኔ ነበርኩ። «ምን ሥልጠና ትፈልጊያለሽ» ማለት እኮ «ምኑን አትችይውም» ማለት ነው፣ ትንሽ ለስለስ ብሎ። ለዚያውም የግል ማኅደርሽ ከጠያቂዋ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ እያየሽው። ማን ይመልሳል? ኮምፒውተር አለመቻል ግን ማንንም አያስወቅስም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ፍላናገን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ተምረን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎችን ጉዳይ ሲያጠና የነበረ ሰው ነው። በኋላ በ1954 (በእነሱ አቆጣጠር) ዘዴውን ጻፈው፤ ሰውን ምን ይመስልሃል አትበለው፣ አንድ ቀን የሆነውን አንድ ነገር አንሥተህ ምን ሆነ፣ አንተስ ምን አደረግህ በለው ነው ነገሩ። ለፈተና ሸምድጄ፣ ፈተናው እንዳለቀ ረስቼው ነበር። ትዝ ያለኝ አራተኛው ቀን ላይ ነው፣ ዘጠኙንም ቅጽ ዘርግቼ ዘጠኙም አንድ ዓይነት ሆነው ሳያቸው።

ቢሮውን ተውኩት። ከመጋዘኑ ጀርባ ሻይ የሚጠጡባት አግዳሚ ወንበር አለች፣ እዚያ ሄድኩ። ደብተሬንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ አፍ ይዘጋል። ጋሼን «ሥልጠና» የምትለዋን ቃል ሳላነሣ፣ «ማክሰኞ ማታ ያ ሁሉ ፓኬት የተከፈተው እንዴት ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ» ብለው ሳቁ።

እኔም ዝም አልኩ። ከዳሰሳው ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፤ ታውቁኛላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ካልኩ ያመመኝ ይመስለኛል። ሻዩን ፉት አሉ። ደገሙ። ከዚያ መጣ።

«ማክሰኞ መብራት ሦስቴ ሄዶ መጣ። መብራት ሲሄድ አጣባቂው ብረት ይበርዳል።» ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ጫን አደረጓቸው። «መብራት ሲመለስ እስኪግል መታገሥ ነው። አለቃ ደግሞ ከላያችን ቆሞ ጀምሩ፣ ጀምሩ ይላል። እንጀምራለን። የመጀመሪያዎቹ ፓኬቶች የተጣበቁ ይመስላሉ እንጂ አልተጣበቁም። መኪና ላይ ተጭነው ደብረ ዘይት ሳይደርሱ አፋቸውን ይከፍታሉ። ላስቲኩም ተቀይሯል፣ የአሁኑ ወፍራም ነው፤ ሙቀቱ ግን ያው የድሮው ነው። ከፍ እንዳላደርገው ኮዱ ያለው አለቃ ጋ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«ማን ጠይቆኝ?»

11 ዓመት እዚያች ማሽን ላይ ቆመዋል። እኚህን ሰውዬ ነበር ስለ ማሸግ ልናሠለጥናቸው የነበረው። ከፎቶ ጋር።

ከዚያ በኋላ ድፍረት አገኘሁ መሰለኝ ማሽኑ ድረስ ሄድኩ። የ60 ቀኗን ልጅ «ንገሪኝ» ማለት ትቼ «እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ጣልያንኛ ነው። ምን እንደሚል ጠየቅኳት።

«እኔንጃ። ቀይ ሲሆን ይቺን ሁለቴ እጫናለሁ። እምቢ ካለ ጋሼን እጠራለሁ።»

ጎንበስ ብዬ ሳይ አዝራሮቹ ላይ ሮዝ ነጥቦች አሉ። የጥፍር ቀለም ነው። አንድ ነጥብ ማስነሻ፣ ሁለት ነጥብ ማቆሚያ። ከዳር ያለችው ላይ ሦስት ነጥብ አለ፣ እሷን በፍጹም እንዳትነኪ ማለት ነው። ማንም ያላሠለጠናት ልጅ ራሷን በጥፍር ቀለም አሠልጥናለች። ቢሮዬ መጥታ ግን «የሚከብደኝ ነገር የለም» ነበር ያለችኝ። ለእሷ የሚያስፈልጋት የዚያ ስክሪን መልእክቶች በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፈው ማሽኑ ላይ እንዲለጠፉላት፣ ከዚያ ጋሼ ግማሽ ቀን አጠገቧ እንዲቆሙ ነው። ባነር የለውም። ውሎ አበልም የለውም። ስለዚህ የሚቸኩልለት የለም።

«ጀምሩ፣ ጀምሩ» የሚለው ሰውዬስ? ለእሱ ምን ዓይነት ሥልጠና ይባላል? ሪፖርቴን መጀመሪያ የሚያነበው ደግሞ እሱ ነው።

ረቡዕ ዕለት የክፍላችን ኃላፊ እኔንም ጠራችኝ። በሩን ስከፍት በአፌ የመጣውን ልንገራችሁ? «ምን አጠፋሁ?» እሷ እንኳ ሳቀች። የዓመቱ ቅጽ ነው። «አንቺስ፣ ምን ሥልጠና ትፈልጊያለሽ?»

ጣሪያውን አየሁ። ዝናቡ ያስገባው ቡናማ እድፍ አለበት፣ ቅርጹ ጆሮ ይመስላል።

«ኤክሴል» አልኳት።

ኤክሴል እችላለሁ። ሌላው ክፍል ሁሉ እኔ ጋ እየመጣ ነው የሚያሠራው። የማልችለውን ነገር ሪፖርቴ ሁለተኛው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ፤ «ከምርት ክፍል አመራር ጋር ተያያዥነት ያላቸው አንዳንድ ጉዳዮች እንዳሉ ተስተውሏል» ይላል። ጋሼ በአንድ ብርጭቆ ሻይ የነገሩኝ ነገር፣ ብረቱም፣ ላስቲኩም፣ ኮዱም እዚያች «አንዳንድ» ውስጥ ነው የተቀበረው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ፣ ሪፖርቱ ይቀርባል፣ ሁሉም ይነቀንቃል።

ልጆቹ በረንዳ ላይ «መጣ!» እያሉ ይጮሃሉ። እውነትም መጥቷል፤ ሻማው ግን አሁንም እየነደደ ነው፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነው እንጃ። የታቾቹም ቡናቸውን ጠጥተው ጨርሰው ይሆናል፣ ሽታው የለም።

ያቺን አንድ መስመር ልቀይራት? ላፕቶፑ ሞቷል፣ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ ሻይ ልጣድ።