በሆድ ቱቦ ለሚመገብ ልጅ የቤት ምግብ፦ ውሃ ሳናበዛ ማቅጠን

በዚህ ዙር የለወጥነው አንድ ነገር ነው፤ ምግቡን የምናቀጥንበትን መንገድ፦ በውሃ ፋንታ በገብስ ብቅል። ቱቦው እንዳይደፈን ብሎ ውሃ መጨመር ቀላል ነው። ቱቦው አይደፈንም፣ ልጁ ግን እየጠገበ ይከሳል።

ሂሳቡ ይኸው። 40 ግራም የጤፍ ወይም የገብስ ዱቄት፣ 40 ግራም ምስር ክክ፣ አንድ እንቁላል፣ 50 ግራም ካሮት፣ 200 ሚሊ ሊትር የፈላ ወተትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተደምሮ 620 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይሰጣል። ውሃው ተመጥኖ ድምሩ 600 ሚሊ ሊትር ላይ ከቆመ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። «ትንሽ ወፈረ» ተብሎ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢጨመርበት በቀን አምስት ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር የሚወስድ ልጅ ከ1,030 ወደ 775 ኪሎ ካሎሪ ይወርዳል። ሩብ ያህል ምግብ ሳይታወቅ ቀረ ማለት ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት፦ ይህ ሁሉ የሚሆነው ቱቦው በቀጥታ ወደ ጨጓራ ለገባ፣ ቁስሉ ለዳነ፣ የቱቦው ውፍረት 14 ፍሬንች (4.7 ሚሊ ሜትር ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ነው። በአፍንጫ ለሚገባው ቀጭን ቱቦ የተፈጨ ምግብ አይሆንም። የቱቦው ጫፍ ከጨጓራ አልፎ አንጀት ውስጥ ከሆነም አይሞከርም፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃንም እንዲሁ። የቀኑን መጠን፣ ጨውን፣ ብረትና ቫይታሚን ዲን የሥነ ምግብ ባለሙያ በልጁ ክብደት ያስላላችሁ። ከቀድሞው ምግብ ሲዛወር በአንዴ ሳይሆን የአንድ ሰዓት ምግብ ብቻ ቀይሮ መጀመር፣ አዲስ እህል ሲገባም ሦስት ቀን መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ብቅሉ። የገብስ ብቅል ዱቄት ውስጥ ያለው ኢንዛይም የገንፎውን ስታርች ይቆርጠዋል፤ ያው እህል፣ ያው ካሎሪ፣ ግን እንደ ወፍራም ሾርባ ይፈሳል። ምስሩና ካሮቱ እስኪፈርስ ይቀቀላል፤ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመርና 15 ደቂቃ እየተማሰለ ይበስላል። ከእሳት ወርዶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠበቃል። የሥጋ ወይም የወተት ቴርሞሜትር ያለው ሰው እዚህ ላይ ይገላገላል፤ ሲፈላ ከጨመራችሁት ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሥራው ይዘገያል። አንድ የሻይ ማንኪያ ብቅል ጨምሮ ማማሰል፣ ከድኖ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መተው። ሲቀጥን በዓይን ይታያል። ከዚያ መልሶ አምስት ደቂቃ ማፍላት ግድ ነው፦ ከብቅሉ ጋር የመጣውን ጀርም ይገድላል፣ ስታርቹም ከልክ በላይ ወደ ስኳር እንዳይለወጥና ተቅማጥ እንዳያመጣ ያቆመዋል።

ብቅሉን ቤት አብቅሉት። ለጠላ ከተዘጋጀው ላይ ቆንጥሮ መውሰድ ይቀናል፤ ሻጋታ ካለበት ግን ለዚህ ልጅ አይሆንም። የተቆላ ብቅል ምንም አያቀጥንም፣ ኢንዛይሙ በቁላቱ ጠፍቷል። የማሽላ ብቅል ይቅር፤ ቡቃያው ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር አለው።

የደሴ ሰው አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። በግማሽ የበሰለ ክክ በብሌንደር ቢፈጭም ደቃቅ አሸዋ ሆኖ ሲሪንጁ ሥር ይዘቅጣል፣ ቱቦውን የሚዘጋውም እሱ ነው። ክኩን ከማታ መዘፍዘፍ ወይም በፕሬዠር ኩከር መቀቀል ይሻላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ይህ ችግር ያንሳል፤ የእሷ ጣጣ ሙቀቱ ነው።

ተራ ብሌንደር ይበቃል፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ እያረፈ ከተፈጨና በደቃቅ ማጥለያ ሁለት ጊዜ ካለፈ። ትኩስ ነገር ከግማሽ በላይ አትሙሉበት፣ እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። ሲፈጭ አረፋ ይይዛል፤ ያ አየር ሆድ ውስጥ ገብቶ ልጁን ይነፋዋልና 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ከዚያ ከልጁ ቱቦ ጋር እኩል ውፍረት ባለው ትርፍ ቱቦ ሞክሩት፤ በሲሪንጅ ሲገፋ ከታገለ ልጁም ላይ ይታገላል።

ተልባና አብሽ ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ይለጠፋሉ፤ አይግቡ። የጎመን ክርና የሥጋ ጅማት ብሌንደርም ወንፊትም ያመልጣል። ድንችና ሩዝ ብዙ ሲፈጩ ሙጫ ይሆናሉ። እንጀራ ፈትፍቶ መፍጨት ጥሩ ነው፣ ከወተት ጋር ግን አይደለም፦ ኮምጣጣነቱ ወተቱን ያረጋዋል፣ የረጋውም ቱቦው ውስጥ ይቀራል። እንጀራ በገባበት ቀን ወተቱ ለብቻው፣ በሌላ ሰዓት።

አሰጣጡን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጁ ቀና ብሎ፣ ቢያንስ 30 ዲግሪ፣ ከጨረሰም በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል እንደዚያው። 200 ሚሊ ሊትሩ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይውሰድ። በፊትና በኋላ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። መድኃኒት ከምግቡ ጋር አይቀላቀልም፣ ለብቻው ገብቶ በውሃ ይታጠባል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ምግቡ ሲወፍር በምግቡ በኩል የሚገባው ውሃ ይቀንሳል። ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ዓይነ ምድሩ ከደረቀ፣ ውሃው በምግቦቹ መሀል ለብቻው መሰጠት አለበት ማለት ነው፤ ልኩን ባለሙያው ይንገራችሁ።

ከተደፈነ ለብ ያለ ውሃ በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቀስ ብሎ መግፋትና መሳብ፣ 15 ደቂቃ ዘግቶ መጠበቅ፣ መድገም። ትንሽ ሲሪንጅ ግፊቱ ከባድ ስለሆነ ቱቦውን ይቀደዋል። ሽቦ በፍጹም። ኮካና ሎሚም ፕሮቲኑን የባሰ ያረጋሉ። ካልተከፈተ ሐኪም ቤት።

የተሠራው ፍሪጅ ውስጥ እስከ 24 ሰዓት፣ ከፍሪጅ ውጭ እስከ ሁለት ሰዓት ነው፤ በኮምቦልቻ የሙቀት ወራት አንድ ሰዓት ብንል ይሻላል። አንዴ የሞቀ ትርፍ ይደፋል። መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ይይዛል። ለዚያ ቀን ምስር ክኩን አምሶ ከእህሉ ጋር ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ፣ ነፍቶ ማስቀመጥ ነው፤ ያለ ብሌንደር ይሠራል።

በጨጓራ ቱቦ ፋንታ የሽንት ካቴተር የተተከለላቸው ልጆች አሉ። ቆዳው ጋ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጫፉ ላይ የሚነፋው ፊኛ (ባሉን) የጨጓራውን መውጫ ይዘጋና ልጁ ያስታውካል። ፊኛው በሚነፋበት ቀዳዳ ምንም ምግብ አይገባም።

ቀጥሎ የምንሞክረው አቮካዶ ነው፦ 75 ግራሙ የሾርባ ማንኪያውን ዘይት ካሎሪ ይተካል። ማፍላት ያመርረዋልና መጨረሻ ላይ፣ ልጁ ሊመገብ ሲል ነው የሚፈጨው። ማወፈሩ ስለማይቀር ብቅሉን ወደ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ከፍ አድርገን እናያለን።