ጨረቃዋ ቅዳሜ ማታ ታየች

የመሥሪያ ቤታችን ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ ነው። እኛ የጅማ ቅርንጫፍ ሰዎች ከዚያ የሚደርሰን ስልክ ሁለት ዓይነት ነው፤ «ሪፖርቱ ዘገየ» እና «ልንመጣ ነው»። የመጀመሪያውን ለምደነዋል። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ጉዳዩ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው፤ ጠቅላላ አገልግሎት ማለት ከተበላሸ ቧንቧ እስከ ክቡር እንግዳ ድረስ ሁሉም የሚጣልበት ክፍል ነውና።

በዚያ ዓመት የዋናው ቢሮ የመዝናኛ ኮሚቴ ኢድ አልፈጥር ሰኞ እንደሚውል ከግድግዳ ካላንደር ላይ አየ። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፤ ሦስት ቀን የተያያዘ ዕረፍት! አንድ ኮስተር ተከራይተው ጅማን ሊጎበኙ ወሰኑ። ፕሮግራሙ ተተይቦና ማኅተም ተመትቶበት በቴሌግራም ደረሰን። ቅዳሜ ጉዞ። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከሰዓት የጅማ ሙዚየም። ሰኞ በዓል ስለሆነና ሁሉም ዝግ ስለሚሆን «በለጠ» የሚባለው ደንና ተራራው፤ ደን አይዘጋምና። ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት መመለስ፣ ሥራ የሚገባ ከሰዓት ይገባል።

ወረቀቱን ለጸሐፊያችን ሰጠኋት። ተወልዳ ያደገችው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ኮረብታ ሥር ነው። አንብባ ዝም አለች፤ ዝም ስትል ደግሞ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ሰኞ የሚሉት ከየት መጣ?»

«ካላንደሩ ላይ አለ።»

«ቅዳሜ እኮ የረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ነው። ጨረቃ ቅዳሜ ማታ ከታየች ኢድ እሑድ ነው።»

ነገሩ ለማንም አዲስ አይደለም። የጨረቃ ወር አንዳንዴ 29፣ አንዳንዴ 30 ቀን ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በሃያ ዘጠነኛው ቀን ምሽት ነው። ካላንደር አታሚው ግን ወሩን ሙሉ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ በስሌት አንዱን ቀን መርጦ ያትማል። ይህን ከክርስቲያን እስከ ሙስሊም ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅን ግን ፕሮግራም ስንሠራ የታተመውን እናምናለን፤ መኪና የሚከራየው በቀን ነው፣ ውሎ አበል የሚታሰበው በቀን ነው።

ልጅቷ የራሷን ፕሮግራም ጻፈች። የሚገርመው ቀን የሚባል ነገር አልነበረበትም። «የኢድ ዕለት» ይላል በአንድ በኩል፤ «ኢድ ያልሆነው ዕለት» ይላል በሌላው። በኢድ ዕለት ጠዋት ምንም የለም፤ ዕረፍትና ቡና። ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ጅሬን። ኢድ ባልሆነው ዕለት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በለጠ፣ እስከ 7 ሰዓት ከደን መውጣት። ሙዚየሙን ሠርዛዋለች። ከሥር ደግሞ በትንሽ ጽሕፈት፦ «ኢድ እሑድ ከሆነ ሰኞ የሥራ ቀን ነው፤ ፈቃድ ይታሰብበት። በኢድ ዕለት እስከ 8 ሰዓት እኔም የለሁም።»

ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን ከወረቀቱ ሁሉ ትልቁ ሥራ እሷ ነበረች። በብዙ መሥሪያ ቤት የጉዞ ዕቅድ ሲወጣ እንግዳው ብቻ ሰው ይሆናል፤ ሾፌሩ፣ አስጎብኚው፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ቁልፍ ያዡ በዓል የሌላቸው ይመስላሉ።

ለአዲስ አበባው አስተባባሪ ደወልኩና አስረዳሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ መልሱም ምክንያት ነበረው። «ወንድሜ፣ ገብቶኛል። ግን ሒሳብ ክፍል 'ጨረቃ ከታየች' የሚል ሰነድ ላይ አይፈርምም። አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ማዘዣ። እሱም ስንት ተለምኖ ነው የወጣው።» የሰኞውን ፈቃድ ጉዳይ በጽሑፍ ላክንላቸው፤ መልስ አልመጣም። ጸሐፊያችን ግን ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሦስት ሰዎች ጋ በራሷ ስልክ ደወለች፤ ቤተ መንግሥቱን የሚያስጎበኘው ሰው ጋ፣ ሸቤ ላይ የደን አስተዳደር ማኅበር አባል የሆነ መንገድ መሪ ጋ፣ ምሳ የምታበስለው ሴት ጋ። ለሦስቱም ያለችው አንድ ነው፦ «ቀኑን አሁን አልነግርህም፤ ጨረቃዋ ትነግርሃለች። በኢድ ዕለት ከሆነ በስንት ሰዓት ትችላለህ? ካልሆነስ?»

ቅዳሜ እንግዶቹ ወሊሶን፣ ወልቂጤን፣ የጊቤን በረሃ አልፈው፣ በሶኮሩና በአሰንዳቦ አድርገው ሊመሽ ሲል ገቡ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጊቤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ኪሎ ሜትር ብቻውን ብዙ አይነግርህም። ሆቴል ገብተው ሻንጣ እያወረዱ ሳለ መግሪብ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ስልኮች መጮህ ጀመሩ፤ ቴሌቪዥኑም ተከተለ። ጨረቃዋ ታይታለች፤ ነገ ኢድ ነው።

ከተማው በአንድ ጊዜ ተቀየረ። የልብስ ሱቆች መብራታቸውን አበሩ፣ ልብስ ሰፊው ቤት ሰልፍ ተያዘ፣ ሕፃናቱ መንገድ ላይ ወጡ። ሆቴሉ በረንዳ ላይ ግን አስተባባሪው ፕሮግራሙን ይዞ ቁጭ ብሏል።

«ነገ 3 ሰዓት ጅሬን መድረስ አለብን» አለ።

የኮስተሩ ሾፌር ሻዩን አስቀመጠ። «ነገማ ሶላት አለብኝ፣ ጌታዬ። በጾም ነው እዚህ ድረስ የነዳሁት።»

ዝም ተባለ። ሰውየውን ሙሉ ቀን አብረውት መጥተዋል፤ ወሊሶ ላይ ምሳ ሲበሉ እሱ መኪናው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ጎማ ሊያይ የቀረ መስሏቸው ይሆናል። ከእንግዶቹ መሃል አራት ሙስሊሞች ነበሩ፤ አንደኛዋ «እኛም ከሱ ጋር እንሄዳለን» አለች።

ያኔ ጸሐፊያችን ወረቀቷን አወጣች። «እርስዎ ካልተቸገሩ ሁሉም ተዘጋጅቷል። ነገ ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ጅሬን የሚጠብቀን ሰው አለ። ከነገ ወዲያ በማለዳ በለጠ የሚጠብቀን አለ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ከነገ ወዲያ የሥራ ቀን ሆኗል።»

ትልቁ ራስ ምታት እዚህ ላይ መጣ። በዓሉ እሑድ ላይ ሲያርፍ ሰኞ የዕረፍት ቀን መሆኑ ቀረ። ሰኞ ካልተፈቀደ ሁሉም እሑድ በማለዳ ተነሥተው ምንም ሳያዩ መመለስ ነው። እንደ ዕድል የሰው ኃይል ክፍሉ ምክትል ኃላፊ ከተጓዦቹ አንዱ ነበር። የሆቴሉን የተጠቃሚዎች መዝገብ ጀርባ ላይ በእጁ «የአንድ ቀን የዓመት ፈቃድ» ብሎ ጻፈ፤ ሁሉም ስማቸውን እያሰፈሩ ፈረሙ። ሁለት የገንዘብ ቤት ሠራተኞች ግን መፈረም አልቻሉም፤ ሰኞ ጠዋት ካዝና የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። እሑድ መኪና ፍለጋ ሲንከራተቱ ውለው፣ ጅሬንን ከሩቅ እንኳ ሳያዩ ተመለሱ። አንደኛዋ እስካሁን በስልክ ስታገኘኝ ሰላምታዋ አጭር ነው። እውነቷን ነው፤ የሰኞው ነገር ቀድሞ ለዋናው ቢሮ በጽሑፍ ተልኮ ነበር፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

እሑድ ጠዋት ነጭ የለበሰው ሕዝብ ወደ ሶላቱ ሜዳ ሲጎርፍ መንገዱ ለመኪና የሚሆን አልነበረም። 3 ሰዓት ላይ ጅሬን እንድረስ ብለን ብንነሣ ኖሮ ከሆቴሉ በር አንርቅም ነበር። እንግዶቹ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ ተክቢራውን አዳመጡ። ቅር ያለው ሰው አላየሁም፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከቸኮለ ፕሮግራም ያመለጡ ነበሩ።

ከሰዓት ወጣን። ጅሬን ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለ ኮረብታ ነው፤ ሽቅቡ ጠንካራ ስለሆነ ኮስተሩ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣ። ላዩ ላይ ስትደርስ ጅማ እንደ ሳህን ከሥርህ ተዘርግታ ታያታለህ። የኢድ ዕለት ከሰዓት ደግሞ ኮረብታው የጎብኚ ብቻ አይደለም። አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች፣ ቤተሰብ፣ ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች የሚመስሉ ወጣቶች፤ የከተማው ሰው ወደ ራሱ ንጉሥ ቤት ዘመድ ጥየቃ የመጣ ይመስል ነበር።

አስጎብኚው በአዲስ ጀለቢያ፣ ትንሿን ልጁን በእጁ ይዞ መጣ። ከበላ፣ ከጸለየ፣ ዘመድ ከጠየቀ በኋላ የመጣ ሰው እንዴት እንደሚያስጎበኝ ማየት ነው! በሌላ ቀን በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰውን ታሪክ ሁለት ሰዓት ያህል አወራን።

ሕንጻው ባለ ፎቅና አብዛኛው እንጨት ነው፤ ሰፊ በረንዳ፣ የተቀረጸ ጣውላ፣ ግቢውን ቁልቁል የሚያይ ሰገነት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ነው። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል፤ ከእንግዶቹ ረጅሙን መርጠው በር ሥር አቁመው ለመለካት ሞከሩ። አንደኛው የሒሳብ ሠራተኛ «ይኼ ቤት በዚያ የጦርነት ዘመን እንዴት ሳይቃጠል ቀረ?» ሲል ጠየቀ። አስጎብኚው ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። አምስት የጊቤ መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር አልተዋጉም፤ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ጎረቤታቸው ከፋ ተዋግቶ በ1897 ሲወድቅ የደረሰበትን ጉዳት ጅማ አላየችውም። ንግዱም አልቆመም፤ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ የሚያልፈው ሲራራ ነጋዴ ሂርማታ ገበያ ላይ ይራገፍ ነበር። የዛሬዋ ጅማ የተነሣችው ከዚያ ገበያ ነው። የጅማ የውስጥ አስተዳደር የቀረው ንጉሡ ባለፉበት በዚያው በ1932 ነው።

10 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ወረደ። እንግዳውም የጅሬን ሰውም በአንድ በረንዳ ሥር ተጠለለ፤ አንዲት እናት ከዘንቢሏ ጨጨብሳ አውጥታ ለማታውቃቸው የባንክ ሒሳብ አስታራቂዎች አቋደሰች። ጸሐፊያችን ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ጅሬንን ከሰዓት ያደረግሁት ለዚህ ነው፤ እዚህ ጣሪያ አለ» አለችኝ። የሙዚየሙ ነገር ትዝ ብሎኝ ጠየቅኋት፤ የንጉሡ ዕቃዎች ያሉት ከተማ ውስጥ እዚያ ነውና ያሳዝናል። «በኢድ የሚከፍትልኝ ሰው አላገኘሁም፤ ያላገኘሁትን ፕሮግራም ላይ አልጽፍም» አለች።

የሰኞውን ባጭሩ ልጨርሰው። በማለዳ የቦንጋን መንገድ ይዘን፣ ሰቃን አልፈን፣ ወደ ሸቤ ስንጠጋ መሪያችን መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ቀረሮውና ዋንዛው ከላይ፣ ቡናው ማንም ሳይተክለው ከሥር፤ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ያ ሁሉ የቢሮ ሰው እንደ ተማሪ ጮኸ። ተራራውን እስከ ጫፍ የወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ጫማቸውን ምክንያት አደረጉ። 7 ሰዓት ላይ ሁሉም አስፋልት ላይ ነበር። ሰቃ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። ከጫካው ሳንወጣ ቢይዘን ኖሮ ኮስተሩ ከዚያ ጭቃ በትራክተር ነበር የሚወጣው።

ማክሰኞ ተሸኙ። በሳምንቱ አስተባባሪው ደወለ፤ ሒሳብ ክፍል «የተፈቀደው ፕሮግራምና የተፈጸመው ለምን ተለያየ?» ብሎ ማብራሪያ ጠይቆታል። «ጨረቃ በመታየቷ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረሙለት። ቀጥሎ ለአረፋ ሌላ ክፍል ሊመጣ እንደሆነ ነገረኝና «ልጅቷ ያንን ወረቀት ትላክልን» አለ።

ነገርኳት። «ለአረፋ አያስፈልግም» አለች፤ «አረፋ ወሩ ከገባ በአሥረኛው ቀን ነው፤ ጨረቃዋ ከሳምንት በላይ ቀድማ ትናገራለች። ያኔ በቀን ይጻፉት። ሾፌሩን ግን አስቀድመው ይጠይቁት።» ከዚያ የደወለችበትን የሞባይል ካርድ ወጪ እንድናወራርድላት ጠየቀች። ደረሰኝ አምጪ ተባለች። ለተፋቀ ካርድ ደረሰኝ የሚሰጥ ሱቅ እስካሁን አላገኘንም።