የጋራዥ መሬት ለቤት ከደረሳችሁ መጀመሪያ የድሮውን ዘበኛ ፈልጉ

ደብረ ማርቆስ ላይ ለቤት ማኅበራችን የተሰጠው ቦታ ድሮ ጋራዥ ነበር። ምዝገባው፣ ቁጠባው፣ ምደባው እንደማንኛውም ማኅበር አለቀ። ያንገበገበን የአፈሩ ጉዳይ ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ የፈሰሰበት መሬት ራሱን ያጋልጣል። ይጠቁራል፣ ይሸታል። እሱን በዓይንና በአፍንጫ ለየነው። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ግን አይሸትም። ከተሰበረ ባትሪ የወጣ እርሳስ ዓመት ቢቆጠርም በስብሶ አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ላይኛው አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ልጅ ደግሞ የሚጫወተው እዚያው ላይ ነው። አፈር በነካው እጁ ይበላል፣ አቧራውን ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

ይመርመርልን ብለን ደብዳቤ አስገባን። ዛሬ ነገ ሲሉን ከርመው አንድ ባለሙያ መጣ። ከግቢው አራት ማዕዘንና ከመሃል አንድ አንድ አካፋ አፈር አነሳ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ቀላቀለው! «እንዲህ ከሆነማ የተበከለው በንጹሑ ይሸፈናል» ስለው «አሠራሩ ነው» አለኝ። ለመኖሪያ ተስማሚ ነው የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ። አባላቱ በደስታ መሠረት እናውጣ አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። በዚያ እምቢታዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

የጋራዡን የድሮ ዘበኛ አፈላልገን አመጣናቸው። በከዘራቸው አንዱን ጥግ እየጠቆሙ «ልጄ፣ ባትሪ የሚሰብሩት እዚህ ነበር። አሲዱንም እዚሁ ነው የሚደፉት» አሉኝ። በዶማ ገፈፍ ስናደርገው ጥቁር የባትሪ ሽፋን ስብርባሪና ግራጫ ፍርፋሪ ወጣ። ከዚያች ጥግ ብቻ የተነሳው አፈር ለብቻው ታሽጎ፣ በራሳችን ገንዘብ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሄደ። አሜሪካኖች ለመኖሪያ ግቢ ለዓመታት የያዙት ልክ በኪሎ አፈር 400 ሚሊግራም እርሳስ ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 200 አወረዱት። የእኛ ጥግ ከሁለቱም በብዙ በልጦ ተገኘ።

ውጤቱን ይዤ ባለሙያውን ወደ ላከው ቢሮ ስቀርብ «አፈሩን አውጥታችሁ ጣሉት» ተባልኩ። የት? መልስ የለም። ገልባጭ መኪና ተከራይቶ ወንዝ ዳር መድፋት መርዙን ለታች ሰፈር ልጆች ማስረከብ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ከቢሮው ይለያል። ጤነኛውን አፈር አትንኩ፣ የተበከለውን ብቻ ለዩ። አቧራው እንዳይነሳ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ቆፍሩ። መቀበያ ቦታ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ ከግቢ አታውጡት። እኛ መሐንዲስ አማክረን፣ ለውሃ ማቆሪያ ኩሬ በሚነጠፈው ውሃ በማያሳልፍ ፕላስቲክ (ጂኦመምብሬን) ጠቅልለን፣ ውሃ በማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ ቀበርነው። ላዩን በኮንክሪት ዘግተን መኪና ማቆሚያ አደረግነው። ነገ ማንም እንዳይቆፍረው ሳይት ፕላኑ (የግቢው ንድፍ) ላይ አስመዝግበናል። ይህን ሁሉ ከሰኔ በፊት ጨርሱ። የጎጃም ክረምት ክፍት ጉድጓድ አይምርም።

አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት ወጪው የማን እንደሆነ በጽሑፍ አስሰፍሩ። ከተፈረመ በኋላ ሁሉም እጁን ይሰበስባል። እኛ ለቀድሞው ባለይዞታ የጻፍነው ደብዳቤ እስካሁን መልስ አላገኘም። እኔም አልተውኩትም።